የአራተኛዋ ጀልባ ሆድ

አራተኛዋ ጀልባ ዛሬም ከቦታዋ ወርዳ ተገኘች። ይኸው ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሞዴል ሠሪዋ የወርክሾፑን በር ከፍታ መብራት ስታበራ፣ አምስቱ ትንንሽ ጀልባዎች ትናንት እንዳስቀመጠቻቸው በሞዴሉ መርከብ ጣሪያ ላይ፣ በየመቀመጫቸው ቁጭ ብለዋል። አራተኛዋ ግን ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈ ጋዜጣ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ተገልብጣለች። ገና ባልደረቀው ነጭ ቀለም ላይ ሁለት የአውራ ጣት ምልክቶች ጎድጉደው ይታያሉ፤ አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ።

"ኧረ አሁንስ አበዛሽው!" አለቻት ጀልባዋን።

ብቻውን የሚሠራ ሰው ከዕቃ ጋር መጨቃጨቅ ይለምዳል፤ እሷም ከለመደች ቆይታለች። ዛሬ ግን ድምፅዋ እንዳሰበችው አልወጣላትም። የራሷን አውራ ጣት ምልክቱ ውስጥ አስገብታ ለካችው። ሰፋት።

መስኮቶቹን አየች፤ ዝግ ናቸው። የጓሮው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ድመት የላትም። ነፋስ ነው እንዳትል፣ ነፋስ ጋዜጣ አንጥፎ ጀልባ አያስተኛም። ወርክሾፑ ከመኖሪያ ቤቷ ጋር የሚገናኘው በወጥ ቤቱ በኩል ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት ደግሞ እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። አባቷ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ አንዳንድ ቀን የዕለቱን ስም ይረሳል። ይህ ሞዴል መሠራት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የወርክሾፑን ደፍ ረግጦ አያውቅም። "የቀለም ሽታ ራሴን ያመኛል" ይላል። አርባ ዓመት መርከብ ሲቀባ የኖረ ሰውዬ! እሷም ስቃ አልፋዋለች።

ከመስኮቱ ውጭ ከሐይቁ የወጣው ጉም መንገዱን ውጦታል። አንድ ሰዓት የሆነው ጠዋት ይሁን ማታ ለማወቅ የሚያስቸግር ዓይነት ቀን ነበር። እሷ ግን የምትጨነቅበት ጊዜ የላትም፤ ሥራው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወሰዳል።

ሥራው ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት እዚሁ ሐይቅ ውስጥ የሰመጠው የመንገደኞች መርከብ ሞዴል ነው። ሙዚየሙ አዲስ ክፍል ከፍቶለታል፤ ቅዳሜ ይመረቃል። መርከቡ ስድስት የሕይወት አድን ጀልባዎች ነበሩት። አምስቱ ወደ ውኃው ወርደው ሰው አተረፉ። አራተኛዋ አልወረደችም፤ አጠገቧ ተራ ሲጠብቁ የነበሩ ሃያ ሦስት ሰዎች ከመርከቡ ጋር አብረው ሄዱ። የምርመራው ዘገባ ምክንያቱን በአንድ መስመር ዘግቶታል፦ መርከቡ ስለተጋደለ ጀልባዋን ማውረድ አልተቻለም። የተረፉት ሰዎች ቃል ላይ ግን አንድ ነገር ይደጋገማል። ከአራተኛዋ ጀልባ በኩል እስከ መጨረሻው ሲያንኳኩ ይሰማ ነበር ይላሉ።

አባቷ የዚያ መርከብ ቀለም ቀቢ ነበር። በዚያ ቀን የብስ ላይ ስለነበር ተረፈ፤ ዛሬ ከሠራተኞቹ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህም ቅዳሜ፣ የሟች ቤተሰቦች ባሉበት፣ ሪባኑን የሚቆርጠው እሱ ነው። ሱፉ ተተኩሶ የወጥ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል። በዚህ ጉዳይ ከእሱ ይልቅ እሷ ናት ስትደሰት የሰነበተችው። ዕድሜውን ሙሉ ቀና ብሎ የማይሄድ አባቷን አንድ ቀን ሰው ሲያጨበጭብለት ማየት ትፈልጋለች።

ቀለም ሲሉት ቀላል ይመስላል፤ ለማያውቅ። የጀልባዎቹን ቀለም ለመወሰን ብቻ አምስት ሳምንት ፈጅታለች። ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። አንድ ፖስትካርድ ብርቱካንማ ያሳያል፤ እሱ ግን በእጅ የተቀባ ፖስትካርድ ስለሆነ አይታመንም። ከተረፉት አንዱ "ክሬም ነበር" አሉ፤ ሌላዋ "የምን ክሬም፣ አረንጓዴ ነበር እንጂ" ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ ሁለተኛዋ ጀልባ ራሷ መሰከረች። ሙዚየሙ ግቢ ቆማለች፤ ከላይ እስከ ሆዷ ነጭ ናት፣ ከነጩ ሥር ደግሞ አሮጌ አረንጓዴ አለ። መርከቡ ከመስመጡ አራት ወር በፊት ሁሉም ጀልባዎች ከአረንጓዴ ወደ ነጭ እንደተቀየሩ ከድርጅቱ መዝገብም አገኘች። ነጩንም ቢሆን እንዳለ አልቀባችውም። ትንሽ ነገር ላይ ንጹሕ ነጭ ውሸት ስለሚመስል ጥቂት ግራጫና የብጫ ጠብታ ደባልቃበታለች።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሙዚየሙ ኃላፊ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ገባች። ሴትዮዋ ከእግሯ አፏ የሚቀድም ናት።

"አልጨረስሽም እንዴ? ነጭ ነው ብለሽኝ አልነበር? ነጭ ደግሞ ነጭ ነው፤ ምን ያመራምራል?"

"ነጭ ሃያ ዓይነት ነው።"

"ለእኔ አንዱ ይበቃኛል!" ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው። ውኃ ተንጠባጠበ። "ጠላቂዎቹ ትናንት ያወጡት እንጨት ነው። ጀልባ የሚቀመጥበት ላይ የነበረ ነው አሉ። ቁጥርም አለው፤ አራት።"

ሞዴል ሠሪዋ እጇን ሰበሰበች። "አራት?"

"ምነው? ናሙና ይሆንሻል ብዬ እኮ ነው። የቀለም መግለጫው ላይ ማስረጃ ስትጠቅሺ ያምራል።"

የቀለም መግለጫው ከሞዴሉ አጠገብ በመስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ነው። እያንዳንዷ ጀልባ ከውጭ፣ ከውስጥና ከሥር ምን ቀለም እንደነበረች፣ ያም በምን እንደታወቀ ይጻፍበታል። ሠሪዋም ትፈርምበታለች።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይዤ ከች እላለሁ" አለች ኃላፊዋ። "ጀልባዎቹን በሙጫ አጣብቂልኝ። ቅዳሜ ሕፃናት ይመጣሉ፤ የሕፃን እጅ ደግሞ ታውቂዋለሽ። አባባስ ደህና ናቸው? ሁለት ቃል ይናገራሉ አይደል?"

"አባዬና ንግግር! መቀሱን ከያዘልሽ አመስግኚ።"

ኃላፊዋ ስቃ ወጣች፤ ጉሙ ውስጥ ሦስት እርምጃ ሳትራመድ ጠፋች። ሞዴል ሠሪዋ ጆንያውን ገለጠችው። የክንድ ርዝመት ያለው ወፍራም እንጨት ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት የጠጣውን ውኃ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጣው የአራተኛዋን ጀልባ ሆድ እንደገና ልትቀባ ተቀመጠች።

ያን ጊዜ ነው የተንኳኳው። ጣ፣ ጣ፣ ጣ። ከዚያ ዝም።

በሩን ከፈተች። ማንም የለም፤ ጉም ብቻ ነው። ተመልሳ ተቀመጠች። ጣ፣ ጣ፣ ጣ። ድምፁ ከእንጨቱ ነበር። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጮኻል፤ ይህን ማንም አናጺ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። እንደዚያም ሆኖ ማጅራቷን ቀዘቀዛት።

"ማን ነው የሚያንኳኳው?"

አባቷ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። የሻይ ብርጭቆ ይዟል፤ እግሮቹ ደፉን አላለፉም።

"ማንም አይደለም አባዬ። እንጨት ነው፤ እየደረቀ።"

"እንጨት ሦስት ሦስት ጊዜ አያንኳኳም።"

"ስትቆጥር ነበር እንዴ?" አለች፤ ልታስቀው ፈልጋ።

አልሳቀም። ዓይኑ እንጨቱ ላይ ነው። "ከየት አመጣሽው?"

"ጠላቂዎቹ ያወጡት ነው። የአራተኛዋ..."

ብርጭቆው ከእጁ አልወደቀም፤ ሻዩ ግን እጁ ላይ ፈሰሰ፣ ማቃጠሉንም ያወቀው አልመሰለም። ዞሮ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ። ወንበር ሲጎተት ሰማች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ ጠፋ።

እጇን ሥራ ካላስያዘችው የባሰ እንደምትፈራ ታውቃለች። ገና ያልደረቀችውን ጀልባ መርከቡ ላይ ወደ መቀመጫዋ መለሰች፤ ብርጭቆ ወረቀት አነሳችና የእንጨቱን አንድ ጎን እየዞረች ፈገፈገችው። እንዲህ ሲፈገፈግ የቀለም ድርብ አንድ በአንድ ይገለጣል። ከላይ ነጭ፤ ወፍራም፣ ሦስት ድርብ። ሥሩ አረንጓዴ። የሚጠበቅ ነው። ከዚያ በማጉያ መነጽር ስታይ አንድ መስመር አገኘች። አንድ እንጨት አይደለም። ሁለት ናቸው። የላይኛው የጀልባዋ ሆድ ቁራጭ ነው፤ የታችኛው ጀልባዋ የምትቀመጥበት ጎድጓዳ እንጨት። ሚስማር የለም፣ ብሎን የለም፣ ሙጫም የለም። ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው በጠርዛቸው ገብቶ የደረቀው ነጭ ቀለም ነው።

ቀጭን ቢላ በመስመሩ ውስጥ አስገብታ ዞረችበት። መላቀቅ አልፈለገም። በመዶሻ ቀስ አድርጋ ቢላውን ስትመታው ጧ ብሎ ተከፈተ። ከውስጥ የጀልባዋ ሆድ አሮጌ አረንጓዴ ነው፤ ነጭ ጠብታ አልነካውም።

ክው አለች። ይህን ለማንበብ ዘገባ አያስፈልግም። ሌሎቹ ጀልባዎች ተነስተው ሆዳቸው ተቀብቷል። አራተኛዋ ግን ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ዙሪያዋን ብቻ ተቀባች፤ ቀለሙም ፈሶ፣ ገብቶ፣ ደርቆ ከመቀመጫዋ ጋር ሰፋት። ያን ቀን ሃያ ሦስት ሰው ሊያላቅቃት ሲደበድብ የነበረው ይህን ነው።

"ሳታነሺ አትቀቢ።"

ይህን የአባቷን ቃል ከእናቷ ስም እኩል ታውቀዋለች። አባቷ ወንበር ሲቀባ አንስቶ ነው፤ በር ሲቀባ ነቅሎ ነው፤ የአበባ ማሰሮ እንኳ ሳያነሳ ቀብቶ አያውቅም። ካነሳ በኋላ ደግሞ ከሥሩ በጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ያዳምጣል። ልጅ ሆና "ለምን ታንኳኳለህ?" ስትለው "መላቀቁን ላውቅ ነዋ" ይላት ነበር። ጎረቤት "የጣጣ አባት" ብሎ ስም አውጥቶለታል። እሷ ጥንቃቄ ይመስላት ነበር፤ እንዲያውም ትኮራበት ነበር።

ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። አባቷ ደፉን አልፎ ገባ። እሷንም፣ የተከፈለውን እንጨትም አላየም። በቀጥታ ወደ መርከቡ ሄዶ አራተኛዋን ጀልባ በሁለት አውራ ጣቶቹ ከሥሯ ይዞ አነሳት፣ ሆዷን በጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ ጋዜጣ ዘርግቶ ገልብጦ አስተኛት። አውራ ጣቶቹ ነጭ ሆኑ።

"አሁንስ ደረስኩ?" አላት። "አልደረቀችም አይደል?"

እንባዋ መጣ። ወንበር ስባ አስቀመጠችው፤ አጠገቡ ተንበርክካ ጣቶቹን በጨርቅ ጠረገችለት።

"አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት የምታነሳት አንተ ነህ?"

"ሳይደርቅ ከተነሳች አትጣበቅም።" ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ጠራ። ሲረሳ የነበረው ሰው ሄዶ አባቷ ተመለሰ። "አየሽው እንግዲህ ብሩሼ።" ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጠራት እንዲህ ነው፤ ብሩሹን ይዛ ስለምትከተለው።

"ምን ሆኖ ነው? አንተ እኮ የአበባ ማሰሮ..."

"ያን ጊዜ አልነበርኩማ እንዲህ። እንዲህ የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው።" ጣቶቹን አያቸው። "ደንቡ ይታወቃል። ጀልባዋ ትነሳለች፣ ሆዷ ይቀባል፣ ሲደርቅ ትመለሳለች። አንዷን ለማንሳት ስድስት ሰው፣ ግማሽ ቀን። አምስቱን እንደ ደንቡ ሠራን። አራተኛዋ ጥግ ላይ ስለሆነች ለመጨረሻ አቆየናት። ከሰዓት በኋላ ሰው ልከው 'ሚስትህ ምጥ ይዟታል' አሉኝ።"

ሞዴል ሠሪዋ መጥረጉን አቆመች።

"ሳላነሳ ቀባኋት። ሦስት ድርብ፣ ወፍራም ወፍራሙን፣ በሩጫ። ከሥር ማን ጎንበስ ብሎ ያያል አልኩ። ነገ እመለስበታለሁ አልኩ። በማግስቱ አንቺን ታቅፌ ዋልኩ። ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ፤ ነገ፣ ነገ ስል አራት ወር ሞላ።" ትንፋሹን ሳበ። "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም።"

"እኔ ስወለድ ነው?" አለች። "በእኔ ምክንያት ነው?"

"ምን አልሽ?" አባቷ ተቆጣ፤ በዓመታት ውስጥ እንዲህ ሲቆጣ አይታው አታውቅም። "ብሩሹ በእኔ እጅ ነበር! አራስ ልጅ ምን ያጠፋል? ሁለተኛ እንዳትዪው።"

ጨርቁን አንስታ የቀረውን ጣቱን ጠረገችለት።

"ለምን አልተናገርክም?"

"መርማሪዎቹ ጠየቁኝ። ገና አፌን ሳልከፍት 'መርከቡ ስለተጋደለ ነው አይደል?' አሉ። ራሳቸው ጠየቁ፣ ራሳቸው መለሱ። እኔ አንገቴን ነቀነቅኩ። በቃ፤ ያ ነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እየከበደ ሄደ።" ወደተሰቀለው ሱፍ አየ። "ቅዳሜን ሳስብ ነው የሰነበትኩት። የሃያ ሦስት ሰው ዘመድ ሊያጨበጭብልኝ!"

እሷም ሱፉን አየችው። ማጨብጨቡን የፈለገችው እሷ ነበረች። አሁን አንዲት መስመር፣ "ከሥር፦ ነጭ" ብላ ብትጽፍና ብትፈርም ያ ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል። የተከፈለውን እንጨት ማንም አላየም። ምድጃ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ማገዶ ነው። ይህን ማሰቧ ራሷን አስደነገጣት፤ ግን አሰበችው፣ ደጋግማም አሰበችው።

"ምን ልጻፍ አባዬ?"

"ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። ያየሽውን ጻፊ።" ትንሽ ቆይቶ ጨመረ። "ብቻ ስትጽፊ አጠገብሽ ልቀመጥ።"

የጀልባዋን ነጭ ሆድ በጨርቅ ጠረገችው። አረንጓዴ አውጥታ ከእንጨቱ ጋር እያስተያየች ደባለቀች፤ ግራጫ ጨመረች፣ ከለሰች፣ እንደገና ጨመረች። አባቷ ቀለሙን አይቶ "ትንሽ ጥቁር" አለ፤ ጠብ አደረገች፤ "በቃ" አለ። ሁለቱ አንድ ቀለም አብረው ሲደባልቁ ከሃያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ቀባችው። ከሥር የቀሩትን የሁለቱን አውራ ጣቶች ጎድጓዳ ምልክት ግን በስቱኮ አልሞላችውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኃላፊዋ ጉም እያራገፈች ገባች። ወረቀቱን አንስታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ አራተኛዋ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ወረደ።

"አራተኛ ጀልባ። ከሥር፦ አሮጌው አረንጓዴ። ሳትነሳ ስለተቀባች ነጩ ቀለም ከመቀመጫዋ ጋር አጣብቋታል። ማስረጃ፦ ከሐይቁ የወጣው እንጨት፤ እንዲሁም የመርከቡ ቀለም ቀቢ ቃል።" ቀና አለች። ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። "ይሄ... እህቴ፣ ይሄ መጻፍ አለበት? ከሥር እኮ ነው። ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም።"

"አባቴም ያን ጊዜ እንደዚሁ ነው ያለው።"

ኃላፊዋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። "ቅዳሜስ? ዘመዶቻቸው እኮ ይመጣሉ።"

"እመጣለሁ" አለ አባቷ። "መቀሱን ለሌላ ሰው ስጭው። እኔ የምነግራቸው አለኝ።"

"አባባ፣ ሊሰድቡዎት ይችላሉ።"

"ይስደቡኛ። ሠላሳ አራት ዓመት ዘገየባቸው እንጂ።"

ሞዴል ሠሪዋ የሙጫውን ቱቦ ከፍታ አንደኛዋን አጣበቀች፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። አራተኛዋን ዘለለችና አምስተኛዋንና ስድስተኛዋን አጣበቀች። ከዚያ አራተኛዋን አነሳቻት። የቱቦውን አፍ ወደ መቀመጫዋ ስታስጠጋ፣ ማሞቂያው አጠገብ ተለያይተው ከተቀመጡት ሁለት እንጨቶች በኩል ተሰማ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ።

ኃላፊዋ ብድግ አለች። "ምንድን ነው?"

"እንጨት ነው" አላት አባትየው በረጋ ድምፅ። "እየደረቀ ነው።" ዓይኑ ግን የልጁ እጅ ላይ ነበር።

ሞዴል ሠሪዋ ጀልባዋን ያለ ሙጫ መቀመጫዋ ላይ አሳረፈቻት።

"ይህቺን ረሳሻት" አለች ኃላፊዋ። "ካልተጣበቀች እኮ አንዱ ሕፃን ያነሳታል።"

"ያንሳት።"

"እንዴ፣ ተጣብቃ ነበር ብለሽ አሁን ጽፈሽ የለ?"

"ነበረች" አለች፤ የሙጫውንም ክዳን አጥብቃ ዘጋችው።